ከንጽቢን ቅጥር እስከ ሮሃ ማኅሌት

ንጽቢን የድንበር ከተማ ነበረች። በስተምዕራቧ የሮም ግዛት፣ በስተምሥራቋ የፋርስ መንግሥት። ነጋዴም ሠራዊትም በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ሁለቱ ነገሥታት በተጣሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚናወጠው የእርሷ ቅጥር ነው። ዛሬም ኑሳይቢን ተብላ በቱርክ ምድር፣ ከሶርያ ወሰን አፋፍ ላይ አለች። በዚህች ከተማ ወይም በአቅራቢያዋ፣ በ306 ዓ.ም. ገደማ፣ ኋላ የሶርያ ክርስቲያኖች «የመንፈስ ቅዱስ በገና» ያሉት ኤፍሬም ተወለደ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ልጅነቱ የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። ከእርሱ በኋላ የተጻፉት ገድሎች አባቱ የጣዖት ካህን እንደነበረ፣ ልጁ ወደ ክርስቲያኖች ሲያዘነብል አይቶም ከቤት እንዳባረረው ይተርካሉ። ኤፍሬም ራሱ በደረሳቸው መዝሙሮች ግን ከልደቱ ጀምሮ በእውነት መንገድ ላይ እንደነበረ ይናገራል። እኔ የባለቤቱን ቃል አምናለሁ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ሰው አለ፤ የንጽቢኑ ጳጳስ ያዕቆብ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ከተቀመጡት አባቶች አንዱ ነው። ወጣቱን አቅርቦ አስተማረው፤ ሲበስልም የከተማይቱ መምህር አድርጎ ሾመው። ኤፍሬም ድቁና ተቀበለ፤ ቅስናም ጵጵስናም ሳይቀበል እስከ ዕለተ ሞቱ ዲያቆን ሆኖ ቆየ።

የተናገረበትና የጻፈበት ቋንቋ ሱርስት ነው፤ የግዕዝ ዘመድ። ይህን ዝምድና የማነሣው ነገሩ ለእኛ ጆሮ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ኤፍሬም በዜማ የሚያስተምርበት ድርሰት ስሙ «መድራሻ» ይባላል። ሥሩ ድርሳን፣ ድርሰት፣ ደራሲ ከምንልበት ሥር ጋር አንድ ነው። የሚዘመርበት ዜማ ደግሞ «ቃላ» ይባላል፤ የእኛው ቃል። ስለዚህ የኤፍሬምን ሥራ በሱርስት ስሙ ስንጠራው እንኳ ባዕድ አይሆንብንም፤ ድርሳንን በቃል፣ ትምህርትን በዜማ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ኤፍሬም እንደማንኛውም የመጻሕፍት መምህር ነበር። ኦሪትን ይተረጉማል፣ የወንጌልን ምሥጢር ያብራራል፣ ንዑሰ ክርስቲያኖችን ለጥምቀት ያዘጋጃል። ጳጳሳት በፊቱ አለፉ፤ ከያዕቆብ በኋላ ባቡ፣ ከባቡ በኋላ ወላጋሽ፣ ከወላጋሽ በኋላ አብርሃም። እርሱ በአራቱም ዘመን ከሥራቸው እየታዘዘ አስተማረ። ስለ ሦስቱ የቀደሙ ጳጳሳት በደረሰው መዝሙር ከተማይቱን እንደምታድግ ልጅ አድርጎ ያያታል፤ እያንዳንዱ ጳጳስ ለዕድሜዋ የሚስማማውን ምግብ መገባት ይላል። የማስተማርን ሙያ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነው። ለሕፃን የሚሰጠውና ለጎልማሳ የሚሰጠው እንደማይመሳሰል ተማሪ ፊት ቆሞ ያልዋለ ሰው ይህን ያህል አጥርቶ አያየውም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የፋርሱ ንጉሥ ሻፑር ንጽቢንን ሦስት ጊዜ ከበባት፤ በ338፣ በ346 እና በ350 ዓ.ም.። በመጀመሪያው ከበባ ዓመት ጳጳሱ ያዕቆብ ዐረፈ። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነበር። ሻፑር በከተማይቱ አጠገብ የሚያልፈውን የሚግዶንዮስ ወንዝ ገድቦ ውኃውን በቅጥሩ ላይ ለቀቀው። ቅጥሩ ተናደ። ነገር ግን ውኃው የተወው ጭቃ ለፋርስ ሠራዊት መሰናክል ሆነ፤ ዝሆኖቻቸው ሳይቀሩ በረግረጉ ተያዙ። ሕዝቡ የፈረሰውን ክፍል መልሶ አቆመ። ሻፑርም ሳይሳካለት ተመለሰ።

ኤፍሬም በዚያች ቅጥር ውስጥ ነበር። ያየውን በታሪክ ጸሐፊ ወግ አልመዘገበም። ከተማይቱን ራሷን አፍ ሰጣት። በንጽቢን መዝሙሮቹ መጀመሪያ ላይ የምትናገረው እርሷ ናት፤ ሴት ሆና፣ እናት ሆና፣ በመከራ የተያዘች ሆና። ራሷን ከኖኅ መርከብ ጋር ታመሳስላለች፤ መርከቢቱን የከበባት ውኃ ብቻ እንደነበረ፣ እርሷን ግን ውኃም፣ የአፈር ድልድልም፣ ሠይፍም እንደከበባት ለጌታዋ ታሰማለች። ይህን የሰማ የንጽቢን ሰው የኖኅን ታሪክ ዳግም ከብራና መማር አያስፈልገውም፤ በውስጡ ሲኖር ከርሟል። መምህሩ ያደረገው ሕዝቡ በመከራው ውስጥ የኖረውን መጽሐፍ ከተጻፈው መጽሐፍ ጋር ማገናኘት ነው።

የኤፍሬም ጸጋ ሌላ መልክ መያዝ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ በድርሰቶቹ ውስጥ ብዙዎች ይናገራሉ። ሞትና ሰይጣን ማን ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ፤ ሲኦል ታለቅሳለች፤ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በመደነቅ ታነጋግረዋለች። መምህሩ ራሱ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ተማሪው የሚሰማው ክርክሩን፣ ልቅሶውን፣ እሹሩሩውን ነው፤ ትምህርቱ በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል።

በሁለት ጦርነቶች መካከል ከተማይቱ ትንሽ ተነፈሰች። በ359 ዓ.ም. በጳጳሱ በወላጋሽ ዘመን የጥምቀት ቤት ተሠራ፤ ዘመኑን የሚናገረው የግሪክኛ ጽሑፍ ከነሕንፃው ዛሬም በኑሳይቢን አለ። ኤፍሬም ያስተማራቸው ንዑሰ ክርስቲያኖች በዚያ ደጃፍ አልፈው ይሆናል ብዬ ሳስብ ድንጋዩ ራሱ የሚናገር ይመስለኛል።

ዕረፍቱ አልቆየም። በ363 ዓ.ም. ክርስትናን የካደው የሮም ንጉሥ ዩልያኖስ በፋርስ ላይ ዘመተ፤ በሰኔ ወር በጦርነት ቆስሎ ሞተ። በእርሱ ፋንታ የተሾመው ዮቢያኖስ የተራበውንና በጠላት የተከበበውን ሠራዊት ለማውጣት ሲል ከሻፑር ጋር ውል ገባ፤ የውሉ ዋጋም ንጽቢን ሆነች። ሦስት ጊዜ በጦር ያልተያዘች ከተማ በብዕር ተሰጠች። በዘመቻው የነበረው ሮማዊው ወታደርና ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ ማርኬሊኖስ ሕዝቡ በ3 ቀን ውስጥ እንዲወጣ እንደታዘዘ፣ ሴቶች ፀጉራቸውን እየነጩ ከተወለዱበትና ካደጉበት ቤት ሲወጡ መንገዱ በልቅሶ እንደተሞላ ጽፏል።

ኤፍሬም ከወጡት አንዱ ነው። ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር አየ፤ በዩልያኖስ ላይ በደረሳቸው አራት መዝሙሮች ውስጥ ይተርከዋል። የንጉሡ አስከሬን በከተማይቱ ቅጥር አጠገብ ሲያልፍ የፋርስ ዓላማ በግንቡ ላይ ተተክሎ ነበር። ኤፍሬም ወደ ሬሳው ቀረብ ብሎ ቆመ፤ አስከሬኑንም ዓላማውንም በአንድ ጊዜ ተመለከተ። ንጉሡ አማልክቱን ሊያነግሥ ወጥቶ ሬሳ ሆኖ ተመልሷል፤ ከተማይቱም በእርሱ ስሕተት ጠፍታለች። በእነዚህ መዝሙሮች ውስጥ ቁጣ አለ፤ የሚያስደንቀኝ ግን ቁጣው ልቅሶ ብቻ ሆኖ መቅረትን እንቢ ማለቱ ነው። ከሬሳው ጎን ቆሞ እንኳ ኤፍሬም ይጠይቃል፣ ይመዝናል፣ ያስተምራል።

ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቶ ነበር። ቤቱን፣ ተማሪዎቹን፣ የመምህሩን የያዕቆብን መቃብር ትቶ በስደት ወደ ምዕራብ ሄደ፤ መጨረሻ ላይም የግዕዝ መጻሕፍት ሮሃ የሚሏት ኤዴሳ ገባ። ዛሬ ኡርፋ የምትባለው ናት። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ የሠራውን ይቆጥራል እንጂ አዲስ ሥራ አይጀምርም። ኤፍሬም የቀሩትን 10 ዓመታት የኖረው ግን እንደ አዲስ ጀማሪ ነው።

ሮሃ ንጽቢንን አትመስልም። ንጽቢን ጠላቷ ከቅጥር ውጭ ነበር፤ በሮሃ ክርክሩ በየአደባባዩ ነው። የመርቅያን ተከታዮች፣ የማኒ ተከታዮች፣ አርዮሳውያን፣ ኮከብ ቆጣሪዎች፤ ሁሉም የየራሱ ጉባኤ አለው። የኤፍሬም ወገኖች በዚያች ከተማ በቀድሞ ጳጳሳቸው በጳሉጥ ስም ይጠሩ ነበር፤ ይህ ኤፍሬምን አሳዝኖታል። በክርስቶስ ስም ብቻ መጠራት ሲገባ እንደ አንድ ወገን መቆጠር ለእርሱ ውርደት ነው።

ከሁሉ የበለጠ የተፈታተነው ግን ከሞተ 140 ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። በርዴሳን፣ ትርጉሙ በከተማይቱ በሚያልፈው በዴሳን ወንዝ ስም «የዴሳን ልጅ»፣ ከ154 እስከ 222 ዓ.ም. የኖረ የቤተ መንግሥት ሰው፣ ፈላስፋና ባለቅኔ ነው። በዳዊት መዝሙር ቁጥር 150 መዝሙር ደርሷል። ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራቀ ነበር፤ ዜማው ግን ጣፋጭ ነው፤ የሮሃ ወጣቶች ያዜሙታል። የ5ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜኖስ ልጁ ሐርሞንዮስም በዜማ የታወቀ እንደነበረ ይነግረናል።

ኤፍሬም መጀመሪያ የያዘው መንገድ የታወቀው ነው። በስድ ንባብ የተጻፉ መልሶቹ ደርሰውናል፤ ክርክሩን ነጥብ በነጥብ ያፈርሳሉ። ግን ሰው ሥራ ሲሠራ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ልጅ ሲያስተኛ የሚያንጎራጉረው ክርክር አይደለም። ከአንደበት የማይወርደው ዜማ ነው፤ ዜማው የያዘውን ትምህርትም ሳይጠይቁ ይዘውት ይዞራሉ። ኤፍሬም ይህን አየ፤ እጁን ወደዚያው ወደ በርዴሳን መሣሪያ ዘረጋ። ሶዞሜኖስ እንደሚለው በሐርሞንዮስ ዜማዎች ልክ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ደረሰ።

ሥራው እንዴት እንደተሠራ ላስረዳ፤ የኤፍሬም የፈጠራ ችሎታ ደምቆ የሚታየው እዚህ ነው። መድራሻ በቤት በቤት የተከፈለ ነው፤ በአንድ መድራሻ ውስጥ ያለው ቤት ሁሉ የቀለሙ ቁጥር ከሌላው ጋር እኩል ነው። ኤፍሬም ከ50 የሚበልጡ የልክና የዜማ ዓይነቶችን ተጠቅሟል። ስለ ገነት በደረሳቸው 15 መዝሙሮች ውስጥ ብዙው ስንኝ 5 በ5 የተሰካ ነው፤ ሰንጎ መገን የሚያውቅ ጆሮ አረማመዱን ወዲያው ይለየዋል። አንዳንዱ መዝሙር የፊደል ተራን ተከትሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱም በየቤቱ መጀመሪያ ፊደል የደራሲውን ስም ይሠራል። ከየቤቱ በኋላ አዝማች ይመጣል፤ አጭር፣ ለሁሉ አፍ የሚቀል።

አዝማቹን የሚቀበሉት ሴቶች ነበሩ። በሱርስት «ብናት ቅያማ» ይባላሉ፤ የኪዳን ሴቶች ልጆች ማለት ነው፤ ቅያማ የሚለው ቃል ከእኛው «ቆመ» ጋር አንድ ሥር አለው። ራሳቸውን ለድንግልናና ለጸሎት የሰጡ፣ በገዳም ሳይሆን በከተማው መካከል የሚኖሩ ናቸው። ኤፍሬም ሰበሰባቸው፣ ቀለሙን አስጠናቸው፣ ዜማውን አስለመዳቸው፤ በበዓላትም በማኅሌት ፊት አቆማቸው። አንድ ቤት ይባላል፤ እነርሱ ይቀበላሉ። ሌላ ቤት ይባላል፤ ይቀበላሉ። ሃያና ሠላሳ ቤት ያለው መዝሙር ሲፈጸም ሕዝቡ አዝማቹን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሰምቷል። መጽሐፍ የማያነብ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የሥላሴን ወይም የሥጋዌን ምሥጢር በአፉ ይዞ ይወጣል።

ይህ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ከኤፍሬም በኋላ የተነሣው ሌላው የሶርያ ደራሲ፣ ከ451 እስከ 521 ዓ.ም. የኖረው ያዕቆብ ዘስሩግ፣ ስለ ኤፍሬም በደረሰው የምስጋና ድርሰት ብዙውን ቦታ የሰጠው ለዚህ ሥራው ነው። ሴቶች በጉባኤ ዝም ይበሉ ለሚሉ መልስ ይሰጣል፤ ከአንድ ጥምቀት ወጥተው፣ ከአንድ ሥጋና ደም ተካፍለው ሳለ ከምስጋናው ለምን ይከለከላሉ ብሎ ይሟገታል። ከሞቱ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ሰው ስለ ኤፍሬም ሲያስብ አስቀድሞ የሚታወሰው በሴቶች መካከል የቆመው መምህር እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ስለ ሃይማኖት ከደረሳቸው 87 መዝሙሮች አንዱ፣ 31ኛው፣ እግዚአብሔር ለሰው እንዴት እንደሚናገር ያስረዳል። እግዚአብሔር ወደ እኛ ሊቀርብ ሲል የእኛን ቃል እንደ ልብስ ለበሰ ይላል፤ መጻሕፍት ጆሮ አለው፣ ዐይን አለው፣ አዘነ፣ ተቆጣ የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚያ ምሳሌ ያመጣል። አንድ ሰው በቀቀንን ቋንቋ ሊያስተምር ሲፈልግ ከመስተዋት ኋላ ተደብቆ ይናገራል። ወፊቱ ድምፁ ወደ መጣበት ዞር ስትል የራሷን መልክ ታያለች፤ እንደ እርሷ ያለች ወፍ የምታነጋግራት ይመስላትና ትማራለች።

ይህን ምሳሌ ባሰብኩት ቁጥር ኤፍሬም ስለ እግዚአብሔር ሲናገር ሳያስበው ስለ ራሱ ሥራም የተናገረ ይመስለኛል። ንጽቢንን ያናገራት፣ ሞትንና ሰይጣንን ያከራከረ፣ ሴቶቹን በማኅሌት ፊት ያቆመ፣ ይኸው ከመስተዋት ኋላ የተደበቀው ሰው ነው። በዚያ ዘመን አርዮሳውያን የወልድን ልደት በምርምር ሊደርሱበት ይጣጣሩ ነበር። ኤፍሬም ይህን የማይገባ ምርመራ አጥብቆ ይቃወማል፤ በቦታውም ዕንቍን አስቀመጠ። አንዲት ዕንቍ በእጁ መዳፍ ይዞ እያገላበጠ የምሥጢሩን መልክ በእርሷ ውስጥ ይመለከታል፤ ስለዚህች ዕንቍ አምስት መዝሙር ደርሷል። ተማሪው እንዲረታ ሳይሆን እንዲያይ ይጋብዘዋል።

በ372 ዓ.ም. ረኃብ ሮሃን መታት። ኤፍሬም በዚያ ጊዜ በብሕትውና ቤቱ ነበር ይባላል። ጳላድዮስ የመነኮሳትን ታሪክ በጻፈበት መጽሐፉ የሆነውን ይነግረናል። ኤፍሬም ወጥቶ ባለጸጎቹን ገሠጻቸው፤ እህሉን ቆልፈው ሰው ሲሞት ለምን ያያሉ? እነርሱም እህል የሚያከፋፍል የታመነ ሰው አጣን አሉ። እኔስ በእናንተ ዘንድ እንዴት ነኝ ብሎ ጠየቃቸው። ሁሉም የእግዚአብሔር ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ ገንዘባቸውን ሰጡት። በከተማው ደጀ ሰላሞችና መጠለያዎች 300 አልጋ አዘረጋ፤ የተራበውን መገበ፣ የታመመውን አስታመመ፣ የሞተውን ቀበረ፣ ከገጠር በረኃብ የፈለሰውንም ተቀበለ።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድም ስንኝ አልተጻፈም ይሆናል። እኔ ግን ከመዝሙሮቹ ለይቼ አላየውም። ያ ሁሉ ዓመት ከተማይቱ የእርሱን ቃል በአፏ ይዛ ነበር፤ የባለጸጎቹ ሳጥን የተከፈተው በዚያ ድምፅ ላይ ባደረባቸው አመኔታ ነው። ዓመቱ ሲያልፍ እህል ሲገኝ ኤፍሬም ወደ በዓቱ ተመለሰ። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ዐረፈ፤ የሮሃ ዜና መዋዕል ቀኑን ጁን 9 ቀን 373 ዓ.ም. ይለዋል።

የድምፁ ጉዞ ከዚያ በኋላ ፈጣን ነበር። ገና 20 ዓመት ሳይሞላ፣ በ392 ዓ.ም.፣ በላቲን የሚጽፈው ሄሮኒሞስ የኤፍሬም ጽሑፎች በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳት መጻሕፍት ቀጥለው እንደሚነበቡ መዘገበ። ሶዞሜኖስ ደግሞ የጻፈውን ስንኝ በሚሊዮን ይቆጥረዋል። ቁጥሩን እንደ ፍቅር መግለጫ ልንወስደው እንችላለን፤ ዛሬ ከ400 የሚበልጡ መድራሻዎች ቀርተውልናል፤ እርሱም ትንሽ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ከሶርያ ምድር የተነሣው ሮማኖስ በቁስጥንጥንያ የደረሳቸው የግሪክኛ መዝሙሮች የዚህን የሶርያ መንገድ ፈለግ ይዘዋል። የእኛው ትውፊትም በዚያው መቶ ዘመን በአክሱም ቅዱስ ያሬድን ያቆማል።

ወደ ኢትዮጵያ ኤፍሬም የገባው በእመቤታችን ምስጋና ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ውዳሴ ማርያምን ለእርሱ ይሰጠዋል፤ እመቤታችን ተገልጻለት እንዲያመሰግናት እንደጠየቀችው፣ እርሱም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየቀኑ እንደደረሰላት ይነገራል። የታሪክ ተመራማሪዎች ድርሰቱን ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የሰባቱ ዕለታት ውዳሴ ጋር ያያይዙታል። የኤፍሬም ስም ግን ከመጽሐፉ አልተለየም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሐምሌ 15 ቀን ታስበዋለች።

በየኔታ ቤት ውዳሴ ማርያም ቀን በመጽሐፍ ይነበባል፤ ሲመሽ ደግሞ የቃል ትምህርት ይሆናል። እሳቱ ደብዝዟል፤ መጽሐፍ የለም፣ ብርሃንም የለም። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ቀድሞ የዘለቀው ተማሪ የሰኞውን አንድ ሐረግ ያወርዳል፤ ታናሹ የተናጋሪውን ፊት አያይም፣ ትርጉሙን ገና አልተማረም፣ ግዕዙም የአፍ መፍቻው አይደለም። ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ዞር ብሎ፣ የሰማውን ሐረግ በራሱ አንደበት ይደግመዋል። ተሳስቶ እንደሆነ ከጨለማው ውስጥ ያርሙታል፤ እንደገና ይላል።